የድሮ የስቴት ማሊያ በአምስት ደቂቃ አይለይም

ሰሞኑን አውስትራሊያ ባለን ሐበሾች ዘንድ አንድ ጽሑፍ በሰፊው ሲዞር ሰንብቷል። የድሮ የፉቲ ማሊያን፣ በተለይ ስቴት ከስቴት፣ ማለትም የአገሩ ክልሎች እርስ በርስ፣ ሲጋጠሙ የተለበሰውን፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዴት መለየት እንደሚቻል ያስተምራል። ፉቲ ለማታውቁት፣ አውስትራሊያውያን በሞላላ ኳስ፣ በሞላላ ሜዳ፣ አሥራ ስምንት ለአሥራ ስምንት ሆነው የሚጫወቱት የራሳቸው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ሜልበርን ውስጥ የተጻፈው በ1859 ነው። ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጸሐፊው በበጎ ሐሳብ እንደጻፉ ያስታውቃል። ከሰልባጅ ቤትና ከእሑድ ገበያ አሮጌ ልብስ ለቅመው የሚሸጡ ወገኖቻችን እንዳይታለሉ አስበው ነው። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ሰው የወደደው። ግን ምክራቸውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው እውነተኛውን ማሊያ ጥሎ የውሸቱን በውድ ይገዛል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የስቴት ግጥሚያ ያደረጉት አራት ስቴቶች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የራግቢ ማሊያ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ትልቅ ነጭ “ቪ”፣ የቪክቶሪያ ስቴት ምልክት፣ ካለበት የታላቁ ሊግ፣ ማለትም የሜልበርኑ ሊግ፣ ከዋክብት የለበሱት ነው። እጅጌው ረጅም ከሆነና ጀርባው ላይ ቁጥር ከሌለ ከ1912 በፊት የተሠራ ነው። ከተጠራጠራችሁ ከድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጋር አስተያዩት፤ የጠቆረው ጥቁር ሰማያዊ፣ የነጣው ወርቃማ ነው። የሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ስታበሩበት ካበራ የውሸት ነው፤ የአምራቹ ሌብል ካለው እውነተኛ ነው። የተጫዋቹ ቤተሰብ ከመሰከረና ተጫዋቹ የዚያ ስቴት ተወላጅ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። በመጨረሻም ከመሸጣችሁ በፊት በሙቅ ውኃና በበረኪና እጠቡት።

ከአራቱ ስቴቶች ልጀምር። በ1908 ሜልበርን ላይ ትልቅ ካርኒቫል፣ ማለትም የስቴት ቡድኖች አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚጋጠሙበት ውድድር፣ ተካሂዶ ነበር። የተሳተፉት ቪክቶሪያ፣ ሳውዝ አውስትራሊያ፣ ዌስተርን አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ኩዊንስላንድና ኒውዚላንድ ናቸው። ሰባት ቡድን ማለት ነው፤ አንዱም ከባሕር ማዶ የመጣ። በ1914 ካርኒቫሉን ያዘጋጀችው ሲድኒ ናት። በ1950ና በ1961 ደግሞ ብሪስቤን። በ1980 ትንሿ የዋና ከተማዋ ግዛት፣ የካንቤራ ቡድን፣ ራሷን ቪክቶሪያን አሸንፋለች። እንግዲህ ጸሐፊው እንዳሉት ብናደርግ የእነዚህን ሁሉ ማሊያ “ራግቢ ነው” ብለን ወደ ቅርጫት ልንወረውር ነው። የእነዚህ ቡድኖች ማሊያ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሲገኝ የበለጠ ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበላቸው። ከራግቢ ጋር መምታታቱ እውነት ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ በራግቢ ሊግም ውኃ ሰማያዊ ይለብሳል፤ ኩዊንስላንድም ወይን ጠጅ። ግን መለያው ቀለሙ ሳይሆን ጨርቁ ነው። የድሮ የራግቢ ማሊያ ብዙውን ጊዜ ከወፍራም ጥጥ ይሠራል፤ ጠንካራ ኮሌታም አለው። የድሮ የፉቲ ማሊያ ከሱፍ የተሠራ ሹራብ ነው። በእጃችሁ ስትነኩት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ወደ ትልቁ “ቪ” ስንመጣ ጉዳዩ ከበድ ይላል። እኔ የምኖረው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ነው። የእኛ እንጀራ ቤቶች ካሉበት መንገድ ብዙ ሳይርቅ በቴድ ዊተን ስም የተሰየመው ሜዳ አለ። ዊተን የዚህ ሰፈር ልጅ፣ ለቪክቶሪያ ማሊያ ነፍሱን የሚሰጥ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። በ1995 በፕሮስቴት ካንሰር ታሞ፣ ዓይኑም ደክሞ፣ ቪክቶሪያ ከሳውዝ አውስትራሊያ ከመጋጠሟ በፊት በመኪና ሆኖ የሜልበርንን ታላቅ ሜዳ ዞረ። ሕዝቡ ቆሞ እያለቀሰ ሸኘው። ከሁለት ወር በኋላ አረፈ። ስለዚህ የዚህ ሰፈር ሰው “ቪ” ሲያይ ልቡ የሚነካው በምክንያት ነው። ነጋዴም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው።

“ቪ” ያለበት ማሊያ ሁሉ የታላቁ ሊግ አይደለም። የመጀመሪያው የቪክቶሪያና የሳውዝ አውስትራሊያ ግጥሚያ የተደረገው ሐምሌ መጀመሪያ 1879 ኢስት ሜልበርን ላይ ነው። ያኔ ታላቁ ሊግ ገና አልተወለደም፤ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በ1897 ነው። ቪክቶሪያን የወከለው በ1877 የተቋቋመው ማኅበር ነበር። ሊጉ ከተገነጠለ በኋላም ማኅበሩ አልፈረሰም። ጎን ለጎን ሲኖር ቆይቶ በ1950ው የብሪስቤን ካርኒቫል የራሱን ቡድን ይዞ ተሰልፏል። ስለዚህ ሁለት የቪክቶሪያ ቡድን በአንድ ካርኒቫል ላይ የነበረበት ጊዜ አለ ማለት ነው። የተማሪዎችና የታዳጊዎች ቡድንም “ቪ” ለብሷል። በዚያ ላይ ራሱ ሊጉ አንዳንዴ በአንድ የዕረፍት ሰሞን ሁለት ቡድን አዘጋጅቶ አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይልክ ነበር። በ2008ና በ2020 ደግሞ ቪክቶሪያ ለልዩ ግጥሚያ እንደገና “ቪ” ለብሳ ወጥታለች፤ ለደጋፊም ማሊያ ተሽጧል። የደጋፊ ማሊያ የውሸት ማሊያ አይደለም። ግን ተጫዋች የለበሰውም አይደለም።

“ትንሽ ከሆነ የልጅ ነው” የሚል መልስ እንዳይመጣ አስቀድሜ ልበል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታጠበ ይሰበሰባል፤ ይጠጥራልም። የትልቅ ሰው ማሊያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማሊያ ሊያክል ይችላል። መጠኑን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ስፌቱ አካባቢ ያለውን ሱፍ ተመልከቱ፤ የተሰበሰበ ሱፍ ጥልፉ አይለይም፣ ድፍን ብሎ ይታያል።

ስለ እጅጌው ብዙ አልልም። እጅጌ የሌለው ማሊያ በ1930ዎቹ ፎቶዎች ላይ በብዛት ይታያል። ረጅም እጅጌ ደግሞ ዛሬም የሚለብሱት ተጫዋቾች አሉ። ዕድሜን በእጅጌ መገመት አይቻልም።

ቁጥሩ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ታላቁ ሊግ ቁጥርን በቋሚነት የጀመረው በ1912 ነው፤ ይህ ትክክል ነው። ግን ያ የሜልበርኑ ሊግ ውሳኔ እንጂ የአገሩ ሁሉ ውሳኔ አልነበረም። ሌሎቹ ስቴቶች የራሳቸው ሊግና የራሳቸው አስተዳደር ነበራቸው። ከዚያ በፊትም በ1903 የሜልበርን ክለቦች የሆኑት ኮሊንግዉድና ፊትዝሮይ ሲድኒ ላይ ሲጋጠሙ ቁጥር ለብሰው ተጫውተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥር የሚሰፋና የሚነቀል ነገር ነው። ማሊያው የሊጉ ንብረት ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ለልምምድ ሲውል ደግሞ ጭራሽ ይነቀላል። ቁጥር የሌለው ማሊያ ስታገኙ ጀርባውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። የመርፌ ቀዳዳው ይቀራል። ቁጥሩ ሸፍኖት የነበረው ሱፍም ከአካባቢው ይልቅ ደመቅ ብሎ ይታያል።

ቁጥር ካለውም ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ተጫዋች በክለቡ የሚለብሰውን ቁጥር በስቴት ቡድን ላይለብስ ይችላል። ስለዚህ “አምስት ቁጥር ነው፣ እገሌ ክለቡ ውስጥ አምስት ቁጥር ነበር፣ ስለዚህ የእገሌ ነው” የሚለው ስሌት አይሠራም። የሚያስፈልገው የዚያን ዕለት የተሸጠው የግጥሚያ መጽሔት ነው። የሜልበርኑ ሊግ መጽሔት ከ1912 ጀምሮ የተጫዋቾችን ስምና ቁጥር እያተመ ሸጧል። አዴሌድና ፐርዝም የየራሳቸው ነበራቸው። እነዚህን የስቴት ቤተ መጻሕፍት ይዘዋቸዋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ፤ ወደ ፎቶው። “የጠቆረው ጥቁር ሰማያዊ፣ የነጣው ወርቃማ” የሚለው ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ለ1908 ወይም ለ1914 ፎቶ ግን ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያስተምረው።

ያኔ የነበረው የፎቶ መስታወትና ፊልም እንደ ሰው ዓይን አያይም። ሰማያዊን አብዝቶ ያያል፤ ቀይን ግን አያይም። ኦርቶክሮማቲክ ይባላል። ቀይ ነገር በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቢጫና ወርቃማም ይጠቁራል። ሰማያዊ ግን ይነጣል። በድሮ ፎቶ ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ሁሉንም ቀለም በቅጡ የሚያይ ፊልም የተስፋፋው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ነው።

ይህን ይዛችሁ ወደ ማሊያዎቹ ተመለሱ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ውኃ ሰማያዊ በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ነጭ ሊመስል ነው። ዌስተርን አውስትራሊያ በምትታወቅባቸው በወርቃማና በጥቁር ማሊያ ብትነሣ ወርቃማው ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎ ልዩነቱ ሊጠፋ ነው። ሳውዝ አውስትራሊያ በሚታወቅባቸው በቀይ፣ በጥቁር ሰማያዊና በወርቃማ ማሊያ ቢነሣ ደግሞ ቀዩ ከሰማያዊው ይልቅ ሊጠቁር ይችላል። የጸሐፊውን ምክር የያዘ ሰው ሦስቱንም ይሳሳታል። የያዘውን እውነተኛ ማሊያ “ከፎቶው ጋር አይገጥምም” ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። በተቃራኒው አንድ ብልጥ ነጋዴ ፎቶውን አይቶ የሠራውን ነጭ ማሊያ “ገጠመ” ብሎ ይገዛል።

ቀለም የተቀባ ካርድም መፍትሔ አይሆንም። ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጡ የነበሩት የተጫዋቾች ካርዶች ቀለማቸውን ያገኙት ከማተሚያ ቤት ነው፤ ከካሜራ አይደለም። ቀለም የሚቀባው ሰው ግጥሚያውን ያየ መሆን አይጠበቅበትም ነበር።

ታዲያ ፎቶ አይጠቅምም? በጣም ይጠቅማል። ግን የሚታየው ቅርጽ እንጂ ድምቀት አይደለም። የ“ቪ”ው ጫፍ ደረት ላይ ነው የሚያበቃው ወይስ ሆድ ላይ? ክንዶቹ የሚነሡት ከትከሻው ስፌት ነው ወይስ ከኮሌታው ሥር? ግርፋቱ ስንት ነው? ስፋቱስ? አንገቱ በክር የሚታሰር ነው ወይስ ክብ? የአርማው ቦታ የት ነው? እነዚህን ፊልሙ አይቀይራቸውም። የቀለሙን ጉዳይ ደግሞ ከቃል ፈልጉት። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በሚባለው አገልግሎቱ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ አስቀምጧል። የሜልበርኑ አርገስ፣ የሆባርቱ መርኩሪ፣ የፐርዙ ዌስት አውስትራሊያን ሁሉም አሉ። ግጥሚያውን የዘገበው ጋዜጠኛ ሜዳው ላይ ነበር። ቡድኑን በማሊያው ቀለም እየጠራ የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶውን ለቅርጹ፣ ጋዜጣውን ለቀለሙ፣ መጽሔቱን ለቁጥሩ ስትወስዱ ሦስቱ ከተስማሙ አንድ ነገር ማለት ትችላላችሁ። በእርግጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቢፈጅም አይቆጭም።

መብራቱ ላይ ጸሐፊው የተነሡበት ሐሳብ ትክክል ነው። ከ1940ዎቹ ወዲህ ሳሙና ውስጥ ነጭን የሚያደምቅ ኬሚካል ይገባል፤ በዚያ መብራት ሥር ያበራል። አዲስ ነጭ ክርም እንዲሁ ያበራል። ግን አንድ የ1920ዎቹ ማሊያ በ1975 አንዲት እናት በዱቄት ሳሙና ካጠበችው ያበራል። የሚያበራው ሳሙናው ነው። ማሊያው ስንት ዓመቱ እንደሆነ መብራቱ አያውቅም። ባያበራም ምንም አልተረጋገጠም፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ቢሆን ባይሆን ብዙም አያሳይም። መብራቱ የሚጠቅመው አንድ ቦታ ነው። የቀረው ሁሉ ሳያበራ የአርማው ወይም የሌብሉ ክር ብቻ ቦግ ካለ፣ ያ ክር በኋላ የገባ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት።

ሌብልም ቢሆን የሚናገረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የሱፍ ዓርማው፣ ያ የተጠቀለለ ክር የሚመስለው፣ የወጣው በ1964 ነው። ባለ አራት አኃዝ የፖስታ ቁጥር አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው በ1967 ነው። በሴንቲሜትር የተጻፈ መጠን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለበት ማሊያው ከዚያ ዓመት አይቀድምም። ለሻጭ “የ1958 ካርኒቫል ነው” ሲል የፖስታ ቁጥሩን ማሳየት በቂ ነው። ሌብል አለመኖሩ ግን ጥፋት አይደለም። ሱፍ አንገት ላይ ያሳክካል፤ ብዙ ሰው ሌብሉን ቆርጦ ይጥላል። እንዲያውም የሚያስጠረጥረው በጣም ያረጀ ማሊያ ላይ ያለ በጣም ጥሩ ሌብል ነው።

ጨርቁን መመርመር ከሁለቱም ይሻላል። አክሪሊክ ከ1950ዎቹ በፊት ገበያ ላይ አልነበረም። ከስፌቱ ውስጥ የተፈታ አንድ ክር ወስዳችሁ በክብሪት ብታቃጥሉት፣ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ ይቀልጥና እንደ ጠጠር ይደርቃል። የብል ቀዳዳም ምልክት ነው፤ ብል ሱፍ ይወዳል። ግን ብል አንድ ክረምት ይበቃዋል። የተበላ ማሊያ ሁሉ መቶ ዓመት አልኖረም።

የቤተሰብ ምስክርነት ላይ ደግሞ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት ሰፊ ነው። ቤተሰብ ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ቤተሰቡ እውነቱን እየተናገረም ማሊያው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የስቴት ግጥሚያ ሲያልቅ ተጫዋቾች ማሊያ ይለዋወጡ ነበር። ለታዝማኒያ የተጫወተ አያት ሣጥን ውስጥ የቪክቶሪያ ማሊያ ቢገኝ አያትየው ቀጣፊ አይደሉም። ታዝማኒያ በ1960 ላውንስስተን ላይ ቪክቶሪያን 91 ለ84 አሸንፋለች። ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ የባላጋራን ማሊያ ይዞ ወደ ቤት መግባት ትልቅ ነገር ነው።

የትውልድ ቦታው መለኪያ ግን ጨርሶ አይሠራም። እስከ 1977 ድረስ ተጫዋች የሚወክለው የሚጫወትበትን ስቴት ነበር እንጂ የተወለደበትን አልነበረም። ፖሊ ፋርመር የዌስተርን አውስትራሊያ ልጅ ነው። በ1962 ወደ ቪክቶሪያው ክለብ ጂሎንግ ከመጣ በኋላ ለቪክቶሪያ ተሰለፈ። ለሁለቱም ተጫውቷል። በጸሐፊው መለኪያ የፋርመር የቪክቶሪያ ማሊያ ቢገኝ የውሸት ይባላል። ዌስተርን አውስትራሊያም ልጆቿ በሌላ ማሊያ ሲመጡባት ስላንገበገባት ነው ጥቅምት 8 ቀን 1977 ፐርዝ ላይ፣ ሱቢያኮ ሜዳ፣ በትውልድ የተመረጡ ቡድኖች እንዲጋጠሙ ያደረገችው። ቪክቶሪያን 151 ለ57 አሸነፈች። የጸሐፊው መለኪያ የሚሠራው ከዚያ ቀን ወዲህ ላለው የተወላጆች ግጥሚያ ነው፤ ለዚያ ዘመን ልክ ናቸው።

ከቤተሰብ የምንፈልገው “የአባቴ ነው” የሚለውን ቃል ብቻ አይደለም። መቼ ተሰጠው? በየትኛው ጉዞ? አብሮት የተነሣው ፎቶ አለ? ብሌዘር፣ የግብዣ ወረቀት፣ የባቡር ትኬት አብሮ ተቀምጧል? ይህን ሻጩ ሳይረሳው ጽፋችሁ አስፈርሙት። ማሊያው ሁለት እጅ ካለፈ በኋላ የሚጠይቁት ሰው አይገኝም።

የቀረው ማጠቡ ነው። በሙቅ ውኃ ሱፉ ይሰበሰባል። በበረኪና ደግሞ ፋይበሩ ይበላል፤ ክሎሪን ሱፍን ያሟሟል። ላብና ጭቃው፣ የተጠገነው እጅጌ፣ የተነቀለው ቁጥር ጥላ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሙዚየም ብትወስዱትም ሊመልሱላችሁ አይችሉም። የሚያሳስባችሁ ብል ከሆነ ማሊያውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ፣ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ሙዚየሞችም በብርድ ነው ብል የሚገድሉት። ስታወጡት በረዶው እስኪለቅ ፕላስቲኩን አትክፈቱ። ከዚያ በነጭ ወረቀት አጣጥፋችሁ ከፀሐይ አርቁት፤ በሽቦ መስቀያ አትስቀሉት፣ ትከሻው ይወርዳል።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። በሌላው ነጥብ ባንስማማ እንከራከራለን፤ ከተሳሳትኩም ማስረጃቸውን በደስታ አያለሁ። የማጠቡን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱት።